ከቅጥር ውጭ የተጠራ ስም

ከብቱ ባለቀበት፣ ጎተራው በተራቆተበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ ገብረ ጻድቅ የሚባል የአንኮበር ጎልማሳ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የመገበሪያ ስንዴ ሰርቆ በአልዩ አምባ ቁልቁለት ሲሸሽ ከገደል ወድቆ ሞተ። ስንዴው ለቅዱስ ቁርባን የተለየ ነበርና የሐዲስ ኪዳን መምህሩ ቄስ ዘርአ ዳዊት ሬሳው ከቅጥር ውጭ እንዲቀበር አዘዙ። በዚያም አላበቁ፤ ለእርሱ ፍትሐት የሚያደርስ ካህን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከመቅደስ የተለየ እንዲሆን በመሠዊያው ፊት ገዘቱ።

እናቱ አስካለማርያም ምሕረት ብትለምናቸው፣ ያዕቆብ የተመረጠው ኤሳውም የተተወው ገና በማኅፀን ሳሉ እንደ ሆነ፣ የተተወውንም ዕጣንና ጸሎት እንደማይመልሰው አስረዷት። ሰምታ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«አባቴ፣ ሲመረጥ እርስዎ እዚያ ነበሩ?»

ፊታቸውን አዙረው ወደ መቅደስ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ የሟቹ ስም አልለቀቃቸውም። የዕጣን ጽና ይዘው የሌላ ሟች ስም ሊጠሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው «ገብረ ጻድቅ» ሆነ። ቢጾሙም፣ ጠበል ቢጠመቁም አልተዋቸውም። በአንድ ባላባት ተዝካር ላይ ስሙ እንደ ገና ሲሰማ፣ ከለቀስተኞቹ አንዱ ለጎረቤቱ፣ «ሌባ ሞቶም እጁ አያርፍ፤ ዛሬ ደግሞ የጌቶችን ፍትሐት ወሰደ» አለው። ጎረቤትየው ሣቁን በኩታው ሸፈነ። መምህሩ ግን ከቅጥሩ ማዶ፣ ከጉም ውስጥ፣ «አቤት» የሚል ድምፅ ሰሙ።

ግዝቱን ማንሣት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ስርቆቱ ስርቆት ነው፤ ቃሉም በመሠዊያው ፊት የወጣ ቃል ነው። ፍርዱን ሐሰት ሳያደርጉ ሟቹን የሚፈቱበትን መንገድ ሲፈልጉ ሰነበቱ፤ ያገኙትም አንድ ብቻ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስካለማርያምን አስጠርተው፣ መስቀላቸውንና ጽናቸውን ይዘው ወጡ። የደብሩ አለቃ ገብረአማኑኤል ከበሩ ላይ እጃቸውን ያዙ።

«አስቀድመው ግዝቱን ያንሡ እንጂ፤ አለዚያ በራስዎ ላይ ነው።»

«ግዝቱ እንደ ቆመ ነው» አሉ መምህሩ። «የሚያርፍበት ሰው ግን ተገኝቷል።»

በመቃብሩ ራስጌ ቆመው ፍትሐቱን አንዲት ቃል ሳያጎድሉ አደረሱ። ስሙን በፈቃዳቸው ሲጠሩ ከጉሙ የመለሰ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅደስ አልገቡም። ሲቀደስ ከቅጥር ውጭ፣ ከመቃብሩ አጠገብ ይቆማሉ፤ አስካለማርያምም ጥቂት ራቅ ብላ ትቆማለች። አንዳንድ ጊዜ ጉሙ ሲወርድ መምህሩ ድንገት ቀና ይላሉ፤ ማንም ሳይጠራቸው፣ በዝግታ፣ «አቤት» ይላሉ።