የተገራው ባክቴሪያ

ሀያቱ ሁልጊዜ ክፉውን አስቀድማ የምታስብ ሴት ናት። ስለዚህ ከጓሮዋ እንሰቶች የአንዱ መሐል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲዝለፈለፍ ብታይም አልጮኸችም። «መጣ» አለች። አጠውልግ የሚሉት በሽታ በቡታጅራ ዙሪያ ያለውን ጓሮ ሲጨርስ ከርሟል። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትበላው ከዚሁ እንሰት ነው፤ ሲያልቅ መልሶ ለመብል እስኪደርስ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

አንድ ተስፋ ነበራት። ልጇ ሳቢሪን አዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራው በዚሁ በሽታ ላይ ነው። በ2008 ለአረፋ ስትመጣ ሀያቱ ውኃ እንኳ ሳትሰጣት ጓሮ ወሰደቻት።

«በስልክ የነገርሽኝ መድኃኒት የታለ?»

«መድኃኒት አላልኩም እኮ፣ እማ። ባክቴሪያው መርዙን የተክሉ ሴል ውስጥ የሚወጋበት እንደ መርፌ ያለ ነገር አለው። መርዙን ቀንሰን፣ ተክሉን የሚያጠነክር ፕሮቲን አሸከምነው።»

«ጅቡን እረኛ አደረጋችሁታ!»

«ጥርሱን አውልቀን» ብላ ሳቀች ሳቢሪን።

«ታዲያ ፕሮቲኑ ይገባል?»

«ይገባል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አይቆይም። ከቅጠሉ አልፎም ሥሩ ጋ አይደርስም። ችግኞቻችን ሞቱ።»

«እስቲ አንዱን ብቻ ውጊልኝ።»

«ከቤተ ሙከራ ማውጣት ክልክል ነው። ባይከለከልም አያድነውም። የታመመውን ነቅለን እንቅበር፤ ሌላው ይተርፍ ይሆናል።»

ወሬውን የሰማችው ጎረቤት ሃሊማ ቢላዋዋን ይዛ ከተፍ አለች። እንሰት ሲነቀል ጎረቤት ሳይጠራ ነው የሚመጣው። የሃሊማ ጓሮ ግን በዚሁ በሽታ አልቋል፤ የቆረጠችበትም ያው ቢላዋ ነው። ሀያቱ ይህን ታውቃለች። ግን እርዳታ ይዛ የመጣችን ሴት እንዴት «በሽታ አመጣሽ» ትበላት?

ሳቢሪን ተናገረች። «እትዬ ሃሊማ፣ መጀመሪያ ቢላዋውን እሳት እናስነካው?»

«ወይ የተማረች! እጄንስ አብሬ ላቃጥለው?» አለችና ሃሊማ ፊቷን አዙራ ሄደች።

እናትና ልጅ የታመመውን ብቻቸውን ነቅለው ቀበሩ። ሳቢሪን ቢላዋቸውን በእሳት አሳልፋ አጠገቡ ያለውን፣ ጤነኛ የሚመስለውን እንሰት የቅጠል ግንዱ ላይ ቆረጠች። ከቁስሉ የበሽታው ምልክት የሆነው ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ። ቢላዋውን አግላ የሚቀጥለውን ቆረጠች። እሱም ያው ነው። እስከ አጥሩ ድረስ ሄደች።

«ሁሉም?» አለች ሀያቱ።

«ሁሉም» አለች ሳቢሪን።

«በይ ሂጂ» አለች እናቷ ቀሚሷን ወገቧ ላይ እየሸጎጠች። «ሃሊማን ይቅርታ ጠይቂያትና ቢላዋዋን ይዛ ትምጣ። ይህን ሁሉ ነቅለን ሁለታችን አንጨርሰውም።»