የወረደው ቁጥር

ቬርሊን በካንሰር ምክንያት የፕሮስቴት ዕጢው ተቆርጦ ከወጣለት ወዲህ ኑሮው በአንዲት የደም ምርመራ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል። አሜሪካ ዱሉዝ ከተማ ያለው ሆስፒታል የሚሠራው ምርመራ በጣም የረቀቀ ነው፤ ካንሰሩ ተመልሶ ብቅ ቢል ገና ከጅምሩ ያሳብቅበታል። ቁጥሯ በየምርመራው ትንሽ ትንሽ ስትጨምር ሐኪሙ፣ አሁንም ከፍ ካለች የጨረር ሕክምና እንጀምራለን አለው።

ዛሬ ግን ውጤቱ ስልኩ ላይ ሲመጣ ቁጥሯ ወርዳ ወርዳ ጭራሽ የማትታይ ሆናለች። ሚስቱ ዳርላ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያም ጎረቤቱን ሁሉ ጠራችና ጓሮ ውስጥ ሥጋ ይጠበስ ጀመር።

ቬርሊን ሥጋውን ቢያገላብጥም ልቡ አላረፈም። ደም የቀዳችው ልጅ ቫይታሚን ምናምን ይወስዱ እንደሆነ ጠይቃው፣ ዳርላ አጠገቡ ስለነበረች አልወስድም ብሏታል። ውሸቱን ነው። የልጃቸው ሰርግ ደርሷል፤ በሰርግ ፎቶ ላይ መላጣዬ አይታይም ብሎ፣ ፀጉር ያበቅላል የሚባለውን ባዮቲን የተባለ የቫይታሚን ክኒን ጋራዥ ውስጥ እየደበቀ በየማለዳው ይውጣል። በዚህ ዕድሜው! ካንሰር ያስፈራው ሰው ስለ ፀጉሩ ይጨነቃል? ቬርሊን ይጨነቃል።

ጋራዥ ገብቶ ሆስፒታሉ ጋ ደወለና ለጓደኛው የሚጠይቅ አስመስሎ ነገሩን ለነርሷ ነገራት። እሷም ባዮቲን በብዛት የሚወስድ ሰው ሲመረመር ቁጥሩ ያለ አግባብ ወርዶ ሊታይ እንደሚችል፣ ጓደኛው ክኒኑን አቁሞ እንደገና መመርመር እንዳለበት አስረዳችው። ቬርሊን ስልኩን ዘጋ።

ዝም ቢልስ? ጨረሩም ይቀርለታል፣ ዳርላም እንደሳቀች ትሰነብታለች። በበሩ ስንጥቅ አያት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷ ታየ። ይህን ሳቅ በገዛ እጁ ሊያጠፋው ነው። ግን ያ ነገር ውስጡ እያደገ ቢሆንስ? ፈራ፤ በጣም ፈራ።

ጠራትና ሁሉንም ነገራት። ትስቅብኛለች ብሎ መሬት መሬቱን አየ።

ዳርላ አልሳቀችም። «እንዳልስቅብህ ብለህ ልትሞትብኝ ነበር?» አለችው።

ክኒኑን አቁሞ፣ ከሰውነቱ እስኪወጣ ጠብቆ ዳግም ደም ሰጠ። ውጤቱ የመጣው ሱፐርማርኬት ውስጥ አስቤዛ ሲገዙ ነው። ስልኩን ከእጁ ተቀብላ የከፈተችው ዳርላ ናት። ቁጥሯ ተመልሳለች፤ ከበፊቱም ጨምራለች።

የሞላውን ጋሪ እዚያው ትተው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ዳርላ ወዲያው ሐኪሙ ቢሮ ደወለች። መስመሩ ላይ ጠብቂ ብለዋት ስትጠብቅ፣ ቬርሊን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያንን ሁሉ ጎረቤት ጠርተን፣ አሁን ምን እንላቸዋለን?» አላት።

«በጊዜ ደረስንበት እንላቸዋለን» አለችው። ይህን ብላ ሳትጨርስ እንባዋ መጣ፤ ሐኪሙ ስልኩን ሲያነሳም ታለቅስ ነበር። ቬርሊን ስልኩን ተቀብሏት፣ ጓደኛዬ ሳይል የራሱን ስም ተናገረ።