ጆሯቸው ያልተነካ በጎች

ኤልቬድ በጊቱን የተከተላት ጠፍታበት አልነበረም። በየዓመቱ የት እንደምትሄድ ሳያውቅ መኖሩ አንገብግቦት ነው። ይህች ፊተ ጥቁር በግ ሚያዝያ ሲገባ ሆዷ በሁለት ጎኗ ተወጥሮ ከመንጋው ትነጠልና የድንጋዩን ካብ ዘላ የሄንድረ ጫካ ውስጥ ትሰወራለች። ሰንብታ ስትመለስ አንድ ግልገል ብቻ አስከትላ ነው። ያንን ሆድ ያየ ሰው መንታ መሆኑን ለመናገር የሐኪም መሣሪያ አያሻውም። ኤልቬድ ትምህርቱን በልጅነቱ ቢተውም እስከ ሁለት መቁጠር አያቅተውም።

«ሁለተኛውን ቁራ ይወስደዋላ» ትለዋለች ሚስቱ ኤሊነድ።

«ቁራ አንድ ዓመት ይወስዳል። በየዓመቱ የሚወስድ ቁራ ግን ኮፍያ ያደርጋል።»

«ባለ ኮፍያው ደግሞ ማነው?»

«ጫካው የማን ነው?»

«እንግዲያው ሂድና እይ! ወይ እይ ወይ ተወው። እኔ ይህን ወሬ እየሰማሁ አረጀሁ።»

ሂድና እይ ማለት ቀላል ነው። ጫካው ሄንድረ የሚባለው የጎረቤት እርሻ ባለቤት የሜይሪግ ነው፤ ኤልቬድ የሜይሪግን መሬት ከረገጠ ዘመን አልፎታል። በዚያ የዌልስ ሸለቆ በግ የሚሸለተው በደቦ ነው፤ ዛሬ አንተ ቤት፣ ነገ እኔ ቤት። አንድ ዓመት ተራው ለሄንድረ በደረሰ ቀን ኤልቬድ መቀሱን ስሎ እንደ ወንዶቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሜይሪግ አገር ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «አንተ ተነስ! የተሸለተውን ጸጉር ጠቅልል። ወንበሩ እጁ ለፈጠነ ነው» አለው። ጸጉር መጠቅለል የልጆች ሥራ ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምሳ ላይም ከማዶ ያለው ሰውዬ፣ «ጥቅሉ፣ እስቲ ሾርባውን ወዲህ በል» አለ። በቃ፣ ስሙ ጥቅሉ ሆኖ ቀረ። በዚያ አገር ቅጽል ስም ከክርስትና ስም ይጠነክራል። ቄሱ ሳይቀሩ አንድ እሑድ ሊሉት ጀምረው በሳል አድበስብሰውታል። የሳቁት ረስተውት ይሆናል። የተሳቀበት ግን አይረሳም።

አሁን ሜይሪግ ግልገል በእጁ ይዞ ቢገኝ! በበግ አገር በጎረቤት ግልገል ላይ እጁን ያነሳ ሰው መቃብር ወርዶም አይነጻም። ኤልቬድ በሐሙሱ ገበያ መካከል ቆሞ ሲናገር ይታየው ነበር። ሾርባውን ወዲህ በል ያለውም ሰውዬ ይሰማል።

በዚህ ሐሳብ ካቡን ተሻገረ።

ጫካውን እንዲህ አያስታውሰውም ነበር። ኦክ የሚባሉት ዛፎች አጫጭርና ጠማማ ናቸው፤ ከቅርንጫፎቻቸው የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል፤ ድንጋዩ ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። ከዛፎቹ ሥር ሰማያዊው የጸደይ አበባ መፍካት ጀምሯል። ከአፍሪካ ገና የገባች ጥቁርና ነጭ ወፍ አንድ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትገባለች፤ ቤቱ የጣማት አይመስልም። ኤልቬድ ቆሞ አያት። ከዚያ መቆሙ አናደደውና እግሩን አነሳ።

በጊቱ አትቸኩልም። ድልድይ እያለላት ወንዙን ከላይ በኩል፣ ውኃው ድንጋይ ለድንጋይ በሚንኳኳበት ተሻገረች። «ለምን በዚያ?» አለ ኤልቬድ ለራሱ። ተከትሎ ሲሻገር ገባው፤ ከማዶ ያለው ሣር ከሁሉ ቀድሞ ፀሐይ ያገኘ ነው። ጥቂት ነጭታ ቀጠለች። የድሮ ከሰል አክሳዮች የደለደሉትን ሜዳ አቋርጣ፣ ጣሪያው የወደቀ የድንጋይ ቤት ውስጥ ገባች።

ኤልቬድ በግድግዳው ስንጥቅ አጮለቀ። መሬቱ ላይ ደረቅ ጭድ ተጎዝጉዟል። ነፋስ ከማይገባበት ጥግ ሰው የሚቀመጥበት ግንድ አለ፤ አጠገቡ የተጨማደደ ቆርቆሮ። የጠበቀው ወጥመድ ነበር። ለሌባ ጉዝጓዝ ምን ያደርግለታል?

ብዙም ሳይቆይ ሜይሪግ መጣ። አርጅቷል፤ አንድ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎታል፤ ከኮቱ ኪስ ጡጦ ብቅ ብሏል። ግንዱ ላይ ተቀመጠ። ቁራዎች ከላይ ሲያንዣብቡ ቆርቆሮውን በዱላው ይደበድባል፤ ይሸሻሉ። በጊቱ ወለደች፤ ላሰችው። ሁለተኛውን ወለደች። ሁለተኛው ሊጠባ ሲጠጋ በግንባሯ ገፋችው። ሜይሪግ አንስቶ ከጡቷ ሥር አስገባው፤ ገፋችው። ደግሞ ሞከረ፤ ይሄኔ ወግታ ጣለችው። ሽማግሌው ተነፈሰና ግልገሉን ኮቱ ውስጥ ሸጎጠው።

ኤልቬድ ዘሎ ሊወጣ ሲል ሳሉ ቀደመው።

«ውጣ በል» አለ ሜይሪግ ዞር እንኳ ሳይል። «ከወንዙ ጀምሮ ስትስል ነበር።»

«ግልገሌን አስቀምጥ!»

«የት? እናቱ ጋ? አይተሃል እኮ።»

«በየዓመቱ ትወስዳለህ። ሌባ!»

«ሌባ» አለ ሜይሪግ፤ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። «እንግዲያው ና፣ የሰረቅኩትን ላሳይህ።»

በጫካው የታችኛው ጠርዝ የሄንድረ መስክ አለ። በዚያ አገር የበግ ባለቤት የሚለየው በጆሮው ምልክት ነው፤ የሜይሪግ በጎች ግራ ጆሯቸው ጫፉ ላይ የተቆረጠ፣ የኤልቬድ ደግሞ ቀኙ የተሰነጠቀ ነው። በመካከላቸው ግን አምስት ስድስት ፊተ ጥቁሮች ይግጣሉ። ኤልቬድ ቀረበ። ግራ ጆሯቸውን አየ፣ ቀኙን አየ። ምንም ምልክት የለም። ያደገ በግ ጆሮው ሙሉ ሆኖ አይቶ አያውቅም።

«ምነው ሳትቆርጣቸው?»

«የኔን ምልክት እንዳልቆርጥ የኔ አይደሉም። ያንተን እንዳልቆርጥ፣ በሰው ምልክት ቢላ አነሳለሁ? አባቴ ከመቃብሩ ተነስቶ ይገርፈኝ ነበር። መንጋ ከተራራ በሚወርድበት ቀን የሚስቁብኝን ብትሰማ! ሜይሪግ ጃጀ፣ ጆሮ መቁረጥ ረሳ ይላሉ።»

«ለምን አትመልስልኝም ነበር?»

«በርህን በሰንሰለት ጠፍረህ? ሁለቴ መጣሁ፤ ሁለቴም ውሻህ ሱሪዬን ቀደደው። አንተ በመስኮት ታያለህ።»

«ትጽፍልኝ ነበራ።»

«አንተስ ታነበው ነበር?»

ኤልቬድን ይህች ጠቅ አደረገችው። ሜይሪግ ግን ጡጦውን ግልገሉ አፍ ውስጥ እያስገባ ወሬውን ቀጠለ። «አንድ ዓመት በጉን ፍለጋ ይመጣል አልኩ። በጉን የማይፈልግ ገበሬ የት አለ? ቀረህ።»

ሌባ ቢሆን ይሻለው ነበር። ሌባን ሰው በወጉ ይጠላል። ኤልቬድ ሐሙስ ለገበያው ሊናገር ያሰናዳው ሁሉ አፉ ውስጥ ደረቀ፤ የቀረችውን አንዷን ጥያቄ አወጣት።

«ያን ቀን ወንበር ያስለቀቅከኝ ለምንድነው?»

«የቱን ቀን?»

«የሸለታ ቀን። ጠቅልል ያልከኝ።»

ሜይሪግ አሰበ። ከልቡ እንደሚፈልግ ያስታውቅበታል። «አላስታውስም» አለ በመጨረሻ። «ግን ብዬህ ይሆናል። እጅህ ዘገምተኛ ነበር እኮ።»

ይቅርታ የሚባል ነገር አልተከተለውም። ኤልቬድ ሊሄድ ዞረ፤ ዞሮም አልሄደም። ሙሉ ጆሮ ያላት አንዷ ቀና ብላ ታየው ነበር፤ አፏ ከዳር ጠመም ይላል፣ ልክ እንደ እናቷ። ሌሎቹስ? ኪሱን ዳሰሰና ቢላውን አወጣ።

«ያዝልኝ» አለ።

ሜይሪግ በዱላው ቆልማማ ጫፍ አንገታቸውን እየሳበ፣ በደህና ጉልበቱ እያስደገፈ ያዘለት። ኤልቬድ ቀኝ ጆሯቸውን አንድ በአንድ ሰነጠቀ። ሥራው ሲያልቅ የሁለቱም እጅጌ ደም ነክቶት ነበር።

«ይህስ?» አለ ሜይሪግ ኮቱን ገለጥ አድርጎ።

ግልገሉ ወተት አፉ ላይ እንዳለ ተኝቷል። ኤልቬድ ጆሮውን በሁለት ጣቱ ያዘ፤ ብርሃን ያሳልፋል፤ ገና እርጥብ ነው። ቢላውን አጠፈ።

«ይጠንክር። እስከዚያ አንተ ጋ ይቆይ።»

«ምልክት ሳይኖረው? ጃጅቼ ብበላውስ?»

«በየትኛው ጥርስህ!»