ያልተጫወታቸው ጨዋታዎች

ዓለምነው ኳስ ካቆመ ሰባት ወሩ ነው። ይህን የክለቡ ሐኪም ያውቃል፣ አሠልጣኙ ያውቃል፣ አሁን ባሕር ዳር ሚስማርና ሲሚንቶ የሚሸጥበት ሱቅ ባለቤት ያውቃል፣ ደብረ ታቦር ያለው ጓደኛው ልብስ ሰፊው ደሳለኝም ያውቃል። የማያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እናቱ ወይዘሮ የሺ። ከሁሉ በፊት ማወቅ የነበረባቸው ደግሞ እሳቸው ነበሩ።

አሥራ ሦስት ዓመት በግራ መስመር ሮጧል። ከደብረ ታቦር ከተማ ቡድን ተነሥቶ አራት ክለብ ቀያይሯል። ትልቅ ስም ነበረው ብል እዋሻለሁ፤ ብሔራዊ ቡድን ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለቱንም ጊዜ የተጠባባቂ ወንበር አሙቆ ተመልሷል። ግን መስመሩን ይዞ ከተነሣ ተከላካዩ ጀርባውን እያየ ይቀር ነበር፤ የሚጠላውም ይመሰክርለታል። ጥቅምት ላይ፣ ውድድሩ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ የግራ ጉልበቱ ጅማት ለሁለተኛ ጊዜ ተበጠሰ። ቀዶ ጥገና ያደረገለት ሐኪም ነገር ማለሳለስ አያውቅም። «መሄድ ትሄዳለህ። ከእንግዲህ የምትሮጠው ግን አውቶቡስ ሲያመልጥህ ብቻ ነው፤ እሱም ቢቀር ይሻላል» አለው።

«አቁሟል» የምለው እንግዲህ እኔ ነኝ። እሱ ቃሉን ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። መጋቢት ላይ አንድ የታችኛው ሊግ አሠልጣኝ ደውሎ «ሃያ ሃያ ደቂቃ እየገባህ አንድ ዓመት እርዳን» ሲለው፣ እንቢ ማለት አቅቶት «ላስብበት» ብሎ ዘግቷል። ምን የሚታሰብ ነገር አለው! ደረጃ ሲወርድ እንኳ ጉልበቱ ይንቋቋል።

ጉሮሮው ላይ የቆመበት ግን የእናቱ ነገር ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ ወይዘሮ የሺ ደግሞ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ያኔ ሊሄድ ሲነሣ፣ ደብረ ታቦር ዳር ጋፋት አጠገብ ያለው ጎረቤት በሙሉ «ኳስ ደግሞ ምን ያበላል? ይረስ እንጂ!» ብሎ ሲያጉረመርም፣ «ልጄን ተዉት! በገዛ እግሩ!» ብለው ብቻቸውን የተሟገቱለት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ገበያ ሲወጡ «የኳሱ እናት መጡ» ተብሎ ቦታ ይለቀቅላቸዋል። ታዲያ ይህን ክብር በምን አንጀቱ ይንጠቃቸው? ቢሰሙ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ታመው ይተኛሉ፣ ብቻ ክፉ ክፉው ታየው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ፤ ደሳለኝንም ዝም እንዲል አስማለው።

ደሳለኝ ግን ዝም ለማለት የተፈጠረ ሰው አይደለም። ወይዘሮ የሺ ስልክ የላቸውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብለው «ልጄ እንዴት ሰነበተ?» ይሉታል። በመጀመሪያው ሳምንት «አቻ ወጡ» አለ። በሁለተኛው «አሸነፉ» አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ኅዳር ሳይጋመስ ለዓለምነው ጎል ማስቆጠር ጀመረለት። አንዴማ ከማዕዘን መትቶ በቀጥታ አስገባለትና ወይዘሮ የሺ እዚያው ሱቁ ውስጥ እልል አሉ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰውዬ አብሮ አጨበጨበ።

በግንቦት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው በአራተኛው ረቡዕ ጠዋት፣ ደሳለኝ ደወለ።

«ዓለም፣ ጉድ ፈልቷል! እናትህ ጣራ ገዳም ሄደዋል።»

«ምን ልትሠራ?»

«ለጉልበትህ ሊማጸኑ።»

«ጉልበቴን ማን ነገራት?»

ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደሳለኝ!»

«እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ! ነገሩን ቀስ አድርጌ ላውርደው ብዬ ነዋ! ቅዳሜ ትንሽ ጉልበቱን አመመው አልኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበር ላይ ላስቀምጥህ፣ ክረምት ሲገባ በክብር ላሰናብትህ ነበር አሳቤ።»

«አንተ አሠልጣኝ ነህ?»

«ዓመቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ አላስሸነፍኩህም!» አለ ደሳለኝ ተቆጥቶ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ስነግራቸው ፊታቸው አመድ ሆነ ዓለም። 'ይቆረጣል?' አሉኝ። ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት ብላቸው ማን ይስማኝ! ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ወጡ አሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ያን ዳገት!»

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸ ነው። ዓለምነው ለባለሱቁ «እናቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሚኒባስ ያዘ። ገዳሙ ሥር ያለችው አዲስ ዘመን ከተማ እስኪደርስ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ሲያፈርስ ነበር። «ሐኪሙ ነው የከለከለኝ» ሊል አሰበ፤ ሰበብ መሰለው። «ለጊዜው ነው» ሊል አሰበ፤ እሱ ደግሞ ውሸት ነው። ከአዲስ ዘመን ወደ ገዳሙ የሚወስደውን ዳገት በዱላ እየተደገፈ ተያያዘው። አንድ ዘመን ዘጠና ደቂቃ ይሮጥ የነበረውን ሰው፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች «አይዞህ ወንድሜ» እያሉ አለፉት።

ወይዘሮ የሺ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወይራ ሥር ተቀምጠዋል። ሲያዩት አልተነሡም። ዐይናቸው በቀጥታ ወደ እግሩ ወረደ። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ ተመልሰው ግራውን አዩ።

«የራስህ ነው?» አሉት።

«ምኑ?»

«እግርህ ነዋ! የእንጨት አይደለም?»

«የራሴ ነው እምዬ።»

«እስቲ ቅረብና ልንካው።»

ሱሪውን ሰብስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ጠባሳውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሱት፤ ባቱን እንደያዙ ቀሩ። የተዘጋጀው ንግግር ሁሉ ከአእምሮው ጠፋ።

«እምዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ኳስ ከተውኩ ቆየሁ።»

ቀና አሉ። «መቼ?»

«ጥቅምት ላይ።»

«የትኛው ጥቅምት?»

«ያለፈው። ደሳለኝ የነገረሽ ጨዋታ ሁሉ ፈጠራ ነው። አንዱንም አልተጫወትኩም።»

እንግዲህ መጣ አለ ዓለምነው በልቡ፤ አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን «አዋረድከኝ» ትለኛለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ወይዘሮ የሺ ግን ጣታቸውን አውጥተው መቁጠር ጀመሩ።

«ኅዳር… ታኅሣሥ… ገና አለፈ። ጥምቀት አለፈ። ፋሲካ…» እዚህ ሲደርሱ በነጠላቸው ጫፍ ትከሻውን ሾጥ አደረጉት። «አንተ ልጅ! አንተ የማትረባ! በፋሲካ ሽሮ አስበላኸኝ!»

«ምን?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮውን ሲበላ እኔ ሽሮ! በአንተ ምክንያት! ለካስ አልቆ ነበር!» አሉና፣ ዓለምነው አፉን እንደከፈተ፣ ቆመው እልልታውን አቀለጡት። ከጫካው ወፎች ተነሡ።

አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከቅጥሩ በር ብቅ አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ እኒህን ሴት ሲያጽናኑ የሰነበቱት አባ ገብረሥላሴ ናቸው። «ምን ተገኘ የሺ? ትናንት ስታለቅሺ አልነበር?» አሉ።

«ስለቴ ደረሰ አባ! ደርሶ ኖሯል፣ የነገረኝ የለም እንጂ!»

ስለት እስኪደርስ ለሰው አይወራም። የደረሰ ለት ግን ማን ይከለክላቸዋል? ወይዘሮ የሺ ቁጭ ብለው ሁሉንም አወሩት። ዓለምነው ከቤት በወጣ ሰሞን ከአንበሳሜ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ «ኳስ ተጫዋች እግሩ ከተሰበረ ይቆርጡታል፣ በዐይኔ አይቻለሁ» አላቸው። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ተሳሉ። «እመቤቴ፣ ልጄ ይህን ነገር እስኪተው ድረስ ሥጋም ቅቤም አፌ አይገባም፤ አንቺ ደግሞ እግሩን ጠብቂልኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ አሥራ ሦስት ፋሲካ አለፈ።

«የምልክልሽ በግስ?» አለ ዓለምነው፤ ድምፁ ተሰባብሮ። በየዓመቱ ለፋሲካ በደሳለኝ በኩል በግ ይልክላቸው ነበር።

«ጎረቤት ይበላዋል። እኔ ሆዴን ያመኛል እላለሁ። ደሳለኝ ብቻውን ሁለቱን ሳይጨርስ አልቀረም።»

እንዴት አላየም? ዓለምነው አሰበው። ቤት የሚመጣው ሊጉ ሲዘጋ፣ በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ያኔ ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ አገሩ ሁሉ ይጾማል። እሳቸውም ከሰው እኩል ይጾማሉ፣ እሱም ጾመኛ እናት አለችኝ ብሎ ተመርቆ ይሄዳል። በአሥራ ሦስት ዓመት አንድ ፋሲካ እናቱ ገበታ ላይ አልቀረበም። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«ታዲያ ለምን ተወው አላልሽኝም እምዬ? አንድ ቃል ብትይኝ እኮ እተወው ነበር!»

ወይዘሮ የሺ የማይገባ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው አዩት።

«ትወደው ነበራ» አሉት።

አባ ገብረሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሁለቱንም ሲያዩ ቆዩና ወደ ዓለምነው ዞሩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለት ቀልድ አይደለም። እናትህ ዛሬ ከገደፉ በኋላ አምሮህ ብትመለስ የእሳቸው ድካም ከንቱ ነው። ቁርጥህን ንገረኝ። ትመለሳለህ ወይስ አበቃ?»

ቀላል ጥያቄ ነው። ግን ሰባት ወር ሙሉ ሐኪሙም፣ ባለሱቁም፣ ደሳለኝም እንዲህ አድርጎ የጠየቀው የለም። «ላስብበት» ያለው ሰውዬ አሁንም መልሱን ይጠብቃል። ሣሩ ትዝ አለው፣ ኳሱን ወደፊት ገፍቶ ተከላካዩን ጥሎ የሚሄድባት ቅጽበት ትዝ አለችው። እናቱ አላጣደፉትም። «ልብህ ካልቆረጠ ተወው ዓለሜ፣ እኔ ለምጄዋለሁ» አሉት፤ ከልባቸው ነበር።

«አበቃ አባ» አለ። «አልመለስም። አበቃ።»

አለና ራሱን ያዘ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሰውነቱ እስኪናወጥ አለቀሰ። የኀዘን ግን አልነበረም። ሰባት ወር ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሥቶ ሄደ፣ ትንፋሹ እስከ ሆዱ ወረደ። እፎይ! እንዲህ ቀላል ከሆነ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ነበር የሚያስጨንቀኝ አለ።

«እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ አባ ገብረሥላሴ፤ ሁለቱንም በመስቀላቸው ባረኩ። «በሉ ውረዱ። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕም ቢሆን ይበላል። የሺ፣ ትንሽ ትንሽ አድርጊ፤ ሆድሽ ረስቶታል።»

ቁልቁለቱን ተደጋግፈው ወረዱ፤ ማን ማንን እንደደገፈ አይታወቅም። መሐል መንገድ ላይ ዓለምነው ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ሚስማርና ሲሚንቶ እንደሚሸጥ ነገራቸውና የፈራውን አነሣው። «ገበያ ላይ 'የኳሱ እናት' ሲሉሽ ምን ትያለሽ አሁን?»

«ምን እላለሁ? ልጄ በሁለት እግሩ ገባልኝ እላለሁ። የማን ልጅ ነው እንዲህ የገባ?» አሉና ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ቀጠሉ። «ደግሞ ሲሚንቶም ሰው ይፈልገዋል።»

አዲስ ዘመን አንድ ምግብ ቤት ገብተው ጥብስ አዘዙ። ሲቀርብ ቅቤው ይንጫጫል። ወይዘሮ የሺ እጃቸውን ታጥበው፣ አማትበው፣ ቁጭ አሉ፤ አልነኩትም። ሽታው ነው መሰል ዐይናቸውን ጨፈኑ። ዓለምነው ለስለስ ያለችውን ሥጋ መርጦ በእንጀራ ጠቀለለና አጎረሳቸው። አኘኩ። ቆይተው፣ ቆይተው አኘኩ። አስተናጋጇ ሳትቀር ቆማ ታያለች።

«እህ?» አለ ዓለምነው።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሳቸው ግን ሁለተኛውን በራሳቸው እጅ አነሡ፤ ሦስተኛውንም። ከዚያ እጃቸውን ሰብስበው አዩት፤ የሚሉት ነገር ያለ ይመስላል፣ ያፈሩም ይመስላል።

«ዛሬ ቤት ታድራለህ?»

«አድራለሁ።»

«ነገስ?»

«ነገም አለሁ። ለባለሱቁ እደውላለሁ።»

«እሑድስ?» አሉ ቀስ ብለው። አሥራ ሦስት ዓመት እሑድ የጨዋታ ቀን ነበር።

«እሑድም አለሁ እምዬ።»

ወይዘሮ የሺ ራሳቸውን ነቀነቁና ሣህኑን ወደ እሱ ገፉለት። «እንግዲያ አንተም ብላ፣ ቀዘቀዘ» አሉት።