ሶፋው የተገለጠ ዕለት

ፕላስቲኩ ከሶፋው ሲላቀቅ ያሰማው ድምፅ ቤርቶን ማማሰያውን እንደያዘ ከጓዳ አስወጣው። ሚስቱ ኢሲንግ በአንድ እጇ መቀስ፣ በሌላው የተቦጨቀ ፕላስቲክ ይዛ ቆማለች። መዳፏን መቀመጫው ላይ ጫን አድርጋ ስታነሳው ሶፋው አብሮ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

"ይጣበቃል" አለች።

"የኔ ቢኮ እንኳ እንዲህ አይጣበቅም" አለ ቤርቶ፣ ምድጃ ላይ የተወውን የሩዝ ጣፋጭ በማማሰያው እየጠቆመ።

ኢሲንግ አልሳቀችም። ከሰዓት በኋላ የጆመር ቤተሰቦች ልጇን ክሪሴልን ለእሱ ለትዳር ሊጠይቁ ይመጣሉ። የጆመር እናት እትዬ ፐርፔቱዋ ደግሞ ለማሪኪና ከተማ ጫማ ሰሪዎች ሁሉ ቆዳ የምትሸጥ ሴት ናት። ሰላም ከማለቷ በፊት ጫማ ታያለች። በአንድ ክርስትና ላይ የደጋሿን ቦርሳ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ "ላስቲክ ነው" ብላ ድግሱን ያቀዘቀዘች እሷው ናት። ቤርቶ ከመርከብ ወጥ ቤት ሥራው ተሰናብቶ ሲመጣ የገዛውን ይህን ሶፋ "ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆዳ ነው" እያለ ለሰፈሩ ሲያወራ ኖሯል። ወሬው የእሷም ጆሮ ደርሷል።

ሶፋው ከፕላስቲኩ ወጥቶ አያውቅም። ጎርፍ በመጣ ጊዜ ከሩዙ ጆንያ ቀድሞ ፎቅ የወጣው እሱ ነው። እንግዳ ፕላስቲኩ ላይ ተቀምጦ በላብ ይጠመቃል፤ ኢሲንግ ግን ፕላስቲኩ ላይ እንኳ ተቀምጣ አታውቅም። የእሷ መቀመጫ ከጫማ ፋብሪካው ጡረታ ስትወጣ ይዛት የመጣች ዱካ ናት። ሶፋው ለእንግዳ ነው ትላለች፤ የትኛው እንግዳ እንደሆነ ግን ደፍሮ የጠየቃት የለም።

ቤርቶ የሕፃን ፓውደር ይዞ መጣ። ትንሽ ነስነስ ቢያደርጉበት ማን ያውቃል ብሎ አንዱን ጥግ አነጣው። ኢሲንግ ፓውደሩን ነጠቀችውና፣ የሰው ዘመድ ቂጡ ነጥቶ ወደ ቤቱ ይሂድ ወይ ብላ ተቆጣች።

የፈራችው መጣበቁን ብቻ አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ የጫማ ቆዳ ስትሰፋ የኖረች ናትና ልዩነቱን ታውቀዋለች። ቆዳ ከሆነ የሚያጣብቀው ላዩ ላይ ያደረ ቅባት ነው፤ ተጠርጎ ይድናል። አርቴፊሻል ከሆነ ግን ሽፋኑ ራሱ እየሟሟ ነው፤ መድኃኒት የለውም። የቤርቶ ኩራትም አብሮ ሊሟሟ ነው።

የመቀመጫውን ትራስ ዚፕ ከፍታ ጠርዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ገለበጠችው። በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ውስጡ ሻካራ፣ ጸጉራም ነበር። ስታሸተው ያ የፋብሪካው ሽታ መጣ፤ ደስ አላት፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ደስ አላት።

"የላም ቆዳ ነው፣ ቤርቶ።"

"እኔ ምን አልኩሽ!" ደረቱን ነፋ።

ጎንበስ ብላ የክንድ መደገፊያውን ከሥር ፈልቀቅ አድርጋ አየችው። የተሸመነ ጨርቅ ነበር፤ በላዩ ስስ ነገር ተቀብቶበታል።

"ይሄኛው ግን ላስቲክ ነው።"

"ሻጩ በእናቱ ምሎልኛል እኮ።"

"እንግዲያ እናቱም ግማሽ ላስቲክ ነበረች።"

በዚህ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁን ሰምታ የመጣችው ክሪሴል፣ ቆዳው ቆዳ ከሆነ ታዲያ ምን አጣበቀው ብላ ጠየቀች። ኢሲንግ ጸጉሯን ነካ አደረገች። እንዲያበራ ብላ እንደ ጸጉሯ የኮኮናት ዘይት ቀብታ፣ በላዩ ላይ ፕላስቲኩን ግጥም አድርጋ የዘጋችው ራሷ ነበረች። ቆዳ መተንፈስ አለበት እያለች ስንቱን አዲስ ሠራተኛ ስትቆጣ የኖረችው ኢሲንግ! ቤርቶ ነገሩ ሲገባው ጓዳ ገብቶ ብቻውን ሲንከተከት ተሰማ።

ለብ ባለ ውኃ ትንሽ ሳሙና በጠበጡ። ጨርቁን ጠብ እስከማይል ጨመቁት፣ ጠረጉ፣ በደረቅ ጨርቅ አደረቁ፣ እንደገና ጠረጉ። ጨርቁ ቡናማ እየሆነ ወጣ። ክሪሴል እየዘፈነች፣ ቤርቶ እየተሳሳተ እያጀባት፣ ቬንትሌተሩ እየነፈሰ፣ መቀመጫው ቀስ በቀስ ለሰለሰ። ከእጅ ጋር መታገሉን ተወ። በመስኮቱ በኩል ያለው መደገፊያ ግን ቢጠርጉት ቢያደርቁት እምቢ አለ። ቤርቶ ፕላስቲኩን መልሰን እናልብሰው አለ። ኢሲንግ ልትስማማ ስትል በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ፐርፔቱዋ ከባሏና ከጆመር ጋር፣ ፓንሲት የሚሉትን የኑድል ጥብስ በትልቅ ሳህን አስይዛ ገባች። የሁሉንም ጫማ አየች። ሶፋው ላይ ተቀምጣ መዳፏን ቆዳው ላይ አሳለፈች።

"የላም ነው" አለች።

ቤርቶ ሊናገር አፉን ሲከፍት የሴትዮዋ እጅ ወደ መስኮቱ ጎን መደገፊያ መሄድ ጀመረ።

"እሱን አይንኩት፣ እትዬ ፐርፔቱዋ" አለች ኢሲንግ። "መቀመጫው ቆዳ ነው። መደገፊያው ላስቲክ ነው፣ ያጣብቃል። እኛም ያወቅነው ዛሬ ጠዋት ነው።"

ቤርቶ ጣሪያውን አየ። ክሪሴል የጆመርን እጅ ያዘች። እትዬ ፐርፔቱዋ አንድ ጣቷን መደገፊያው ላይ አሳርፋ አነሳችው፤ ጣቷ ጠቅ ብሎ ተላቀቀ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀች ነበር።

"የኔው ገና ፕላስቲኩ ውስጥ ነው" አለች። "ቆዳ ነጋዴ ሆኜ ከፍቼ ማየት ፈርቼ።"

ጆመር ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ላይ ሲያልበው መኖሩን መሰከረ፤ አባቱም ሱሪው ስንቴ እንደተጣበቀበት ተናገረ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሲበርድ እትዬ ፐርፔቱዋ ዞር ብላ ኢሲንግን ዱካዋ ላይ አየቻት።

"እኔ ሶፋ ላይ፣ እርስዎ ዱካ ላይ ሆነን ልጅ አልጠይቅም" አለች። "እዚህ ይምጡ።"

ባዶ የቀረው ቦታ በመስኮቱ በኩል ያለው ብቻ ነበር። ኢሲንግ ዱካዋን አየች፣ ሶፋውን አየች። ዱካዋን በእግሯ ገፍታ ጠረጴዛ ሥር አስገባቻትና ሄዳ ተቀመጠች። ቆዳው ቀዝቃዛና ልስልስ ነበር፤ ይህን ያህል ዘመን ራሷን ምን እንደነፈገች አሁን ገባት። ክንዷን መደገፊያው ላይ ስታሳርፍ ወዲያው ተጣበቀ። ለማላቀቅ አልሞከረችም።

"እንግዲህ ይጠይቁን" አለች። "የትም አልሄድም።"