የጋዋኑ እጅጌ

ሦስተኛውን ስፌት ለመቁረጥ ምላጩን ስታስጠጋ እጇ ቆመ። ሰማያዊው የሥራ ጋዋን ታጥቦና ተተኩሶ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። የግራ እጅጌው ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ተቀዶ ነበር፤ አሁን ግን ተሰፍቷል። የሰፋችው ራሷ ናት። በጣት ቢዳብሱት እንኳ ከየት ጀምሮ የት እንዳበቃ አይታወቅም።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ታላቅ እህቷ፣ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያሰረች።

«አልቆረጥ አለኝ፣ እትዬ።»

«ምላጩ ዶልዱሞ ነው?»

«ምላጩስ ደህና ነው።»

እህቷ ቀና ብላ አየቻትና ጫማዋን ሳታስር ተቀመጠች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚናገረውን መስማት ለምዳለች።

ታናሺቱ የሆቴል አንሶላ በሚያጥብ ትልቅ ቤት ውስጥ ለአሥራ ሁለት ዓመት የተቀደደ ስትጠግን ኖራለች። ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ «ጠጋኟ» ናት። ከሦስት ወር በፊት የመተኮሻው ሠራተኛ ቀረችና እሷን ተኪ አሏት። እርጥቡ አንሶላ እጇ ላይ ተጠቅልሎ ወደ ጋለው ሲሊንደር ጎተታት። ሲነኩት ማሽኑን ያቆማል የተባለውን ብረት በክርኗ መታችው፤ ማሽኑ ግን አልቆመም። ጓደኞቿ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው እጇን መንጭቀው አወጡላት። ከዚያ ወዲህ የግራ እጇ ሦስት ጣቶች አይታጠፉም። ጨርቅ የሚይዘው ደግሞ ግራ እጅ ነው፤ ቀኝ እጅ ብቻውን መርፌ ይዞ ምን ይሠራል?

አሠሪዎቿ የላኩት ደብዳቤ አጭር ነበር፦ ሠራተኛዋ የእጅጌዋን ቁልፍ ሳትቆልፍ በመሥራቷ፣ ጉዳቱ የደረሰው በራሷ ጥፋት ነው። ይህ ቃል ከጸና ካሣም የለ፣ ሌላ ሥራም የለ።

እሷ ደግሞ ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቷ ምን አደረገች? ጋዋኑን አጠበችው። ከዚያም እጅጌውን ትራስ ላይ በመርፌ ቁልፍ ወጥራ በአንድ እጇ ሰፋችው። የተቀደደ ነገር እያየች መተኛት አትችልም። እህቷ ያን ዕለት ስቃባት ነበር። «አንቺ እኮ ስትሞቺ እንኳ የከፈኔን ጫፍ ካልቀመቀምኩ ብለሽ ትነሻለሽ» አለቻት። ሳቁ የቆመው ትናንት ነው።

ትናንት በእህቷ ደንበኛ ጥቆማ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄደው ነበር፤ ፎቶው በየመብራት ምሰሶው የተለጠፈ ሰው ነው። የውክልና ወረቀቱን ፊቷ ያስቀመጠው ስሟን ሳይጠይቅ ነበር። ጋዋኑን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፣ ወዲያው ግን ፈካ። «ተርትሪው» አላት። «ትንሽ ቀይ ነገርም ጠብ አድርጊበት። ማን ያያል?»

«ሰውየው እኮ ሥራውን ያውቃል» አለች እህቷ አሁን፣ ያላመነችበትን ነገር ስትናገር እንደምታደርገው ጣሪያ ጣሪያውን እያየች።

«ዳኛው ሰፍተሽዋል ወይ ቢለኝስ? ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል፤ ታውቂዋለሽ።»

«እሱስ እውነት ነው። በልጅነትሽ ስኳሩን የላስሽ ጊዜ ያሳበቀብሽ ጆሮሽ ነው።» እህቷ ተነስታ ምላጩን ከእጇ ወሰደች። «ተይው በቃ። ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

«አንቺ አትፈልጊ። ፀጉር ቤት የሚወራው ስለሚያወራ ጠበቃ ነው።»

ጠጋኟ ያን ቀን ቀጠሮዋ ሆስፒታል፣ እጅ ማፍታቻው ክፍል ነበር። ከግድግዳው ጋር በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ታካሚዎቹ ሁሉ የጎማ ኳስ ይጨምቃሉ። ሰው ማናገር ይከብዳታል፤ ኳሷን ሃያ ጊዜ ጨምቃ፣ ሃያ አንደኛው ላይ ትከሻው የተጎዳውን ግንበኛ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጠበቃ አለዎት?»

«አለችኝ።»

«ጥሩ ናት?»

ግንበኛው አሰበ። «የመጀመሪያ ቀን ልንሸነፍ እንችላለን አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ስወርድ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ይህን የነገረኝ ሌላ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ተመለስኩ።»

«አሸነፉ?»

«ገና ነው። ግን እንቅልፍ እተኛለሁ።» ከዚያ ኳሱን ወደ እሷ አንከባለለላት። «የእኔን ሞክሪው እስቲ፣ ያንቺ ለስልሷል።»

በማግስቱ የሄዱበት የግንበኛው ጠበቃ ቢሮ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ነበር፤ ከሥር የፎቶ ኮፒው ማሽን ሲያቃስት ይሰማል። ጠበቃዋ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ሁለቱን እህትማማቾች አስቀምጠው አደጋው በደረሰበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን አንድ በአንድ ጠየቁ። እህቷ ልትመልስ አፏን በከፈተች ቁጥር «እርስዎ እዚያ ነበሩ?» ይሏታል። ሦስተኛው ላይ እህቷ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ ኋላ ተደገፈች።

«የለበሱት ልብስ አለ?»

ጠጋኟ ጋዋኑን አወጣች። «አጥቤዋለሁ። ሰፍቼዋለሁም» አለች፣ ሳይጠየቅ ያለቀ እንዲሆንላት። «ትናንት ልተረትረው ብዬ ሁለት ስፌት ቆረጥኩ። አልቻልኩም።»

ጠበቃዋ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ጎድቶናል» አሉ። «አልደብቅዎትም። ግን ከእንግዲህ አይንኩት። እንዳለ እናቀርበዋለን፤ ሰፍቼዋለሁ ብለው ይናገራሉ።» ከዚያ የእጅጌውን ጫፍ ወደ መስኮቱ አዞሩት። «ይቺን ለምን ተዉአት?»

ጣታቸው የነበረው የቁልፉ ቀዳዳ ላይ ነው። ቀዳዳው ወደ አንድ ጎን ተስቦ ረዝሟል፣ ዳር ዳሩን የያዘው ክርም ተበጣጥሷል።

ጠጋኟ አፈረች። ሥራዋ ውስጥ የቀረችው ነውር ያቺ ቀዳዳ ብቻ ናት። «የቁልፍ ቀዳዳ ከንፈሩን የሚይዝ ሌላ እጅ ይፈልጋል። ሦስት ቀን ታገልኩት፤ እነዚህ ጣቶች እንቢ አሉኝ።»

«እንዴት እንዲህ ሆነ?»

«ቁልፉ ነዋ የሳበው። እጄን ሲመነጭቁኝ አንሶላው የያዘው ጫፍ ቁልፉ ላይ ተወጠረ፣ ከዚያ ከበላዩ ያለው ጨርቅ ተቀደደ።» ይህን ስትል ድምፅዋ ተለወጠ፤ ስለ ጨርቅ ስታወራ ዓይን አፋርነት የላትም። «ክፍት ቢሆን ኖሮ ጫፉ ዝም ብሎ ይወልቅ ነበር። ያልተቆለፈ ቁልፍ ቀዳዳውን አይስብም።»

 እህቷ ደብዳቤው ምን እንደሚል ትዝ ብሏት አፏን በእጇ ያዘች።

«ይህን ያሉትን ሌላ ልብስ ሰፊ ቢያየው ይደግመዋል?» አሉ ጠበቃዋ እየጻፉ።

«ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ይደግመዋል።»

«እንግዲህ ባለሙያ እንጠራለን። የማሽኑን የጥገና መዝገብም እንጠይቃለን። ይበቃል አልልዎትም፤ ግን ባዶ እጃችንን አንሄድም።»

ጠጋኟ እስክሪብቶ ፈለገች። ጠበቃዋ የውል ወረቀቱን ሰጥተው «ዛሬ አይፈርሙም» አሏት። «ቤት ወስደው ያንብቡት። ያልገባዎትን ያስምሩበት።»

ማታ እህቷ ጮክ ብላ አነበበች፣ ጠጋኟ በእርሳስ አሰመረች። ብንሸነፍ የባለሙያውን ወጪ ማን ይችላል የሚለው በግልጽ አልተጻፈም ነበር። በማግስቱ ጠየቀች፤ ጠበቃዋ «ልክ ነዎት» ብለው በእጃቸው ጨመሩበት፦ ጠበቃዋ ትችላለች። ያኔ ፈረመች።

ከዚያ ጠበቃዋ ትልቅ የወረቀት ከረጢትና አንድ ካርድ ሰጧት። «ምን እንዳለበት እርስዎ ይጻፉት። ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ጠጋኟ እንደ ስፌቷ በደቃቅ ፊደል ጻፈች፦ የግራ እጅጌ። በእኔ የታጠበ፣ በእኔ የተሰፋ። ሁለት ስፌት በእኔ የተቆረጠ። የቁልፉ ቀዳዳ ያልተነካ።

ጋዋኑን በአራት አጥፋ አስገባችው። የከረጢቱን አፍ ሁለት ጊዜ ጠቀለለች፣ በማይታጠፉት ጣቶቿ ከላይ ተጫነችውና ከልብሷ ደረት ላይ የነቀለችውን መርፌ ቁልፍ በቀኝ እጇ ወጋችበት። አንዴ ሳብ አድርጋ አየችው፤ ይዟል። ከዚያ ጠበቃዋ ፋይል ወደሚያስቀምጡበት መደርደሪያ ገፋ አደረገችው።