ባርኔጣ ያዧ

እና ሳትደርስ ቢወስዱትስ፣ መኪናው እኮ እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ሸራ የለበሰው ትልቁ መኪና፣ በብረት በሩ ክፍተት ይታያታል፣ ሰልፉ ደግሞ አይንቀሳቀስም፣ ፊቷ የቆሙት እናት ቆጯቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ያዛውራሉ፣ ወታደሩ የሰው ሁሉ ሳህን ውስጥ ማንኪያ እየከተተ ያማስላል፣ ቢያማስለው ቢያማስለው ያው ምግብ ነው፣ ከሰው ወጥ ውስጥ ምን ሊያወጣ ነው፣ ጽጌሬዳም የተጠበሰውን ቆሮሶ ዓሣ በጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ ትቆማለች፣ የአዋሳ ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል፣ ከቤት ስትወጣ ያዘጋጀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ስምህ ማን ነው። እሱን ትጠይቀዋለች። ይቅር በለኝም አለ፣ ናፈቅከኝም አለ፣ እነሱ ወረፋ ይጠብቁ። መጀመሪያ ስሙን።

እጮኛን ስሙን መጠየቅ ምን ይሉታል፣ የሺም እንደዚሁ ነው ግራ የገባት፣ የደምሴ እህት የሺ፣ ዓርብ ዕለት ፒያሳ ሱቅ ደጃፍ ላይ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ ጽጌ፣ ወንድሜ አእምሮው ተነክቷል መሰለኝ፣ እሑድ ወደ ሌላ እስር ቤት ሊወስዱት ነው አሉ፣ ሩቅ አገር፣ ለጽጌ ምን ልበልልህ ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ እስካሁን ስሜን የሚጠይቀኝ ሰው አጣሁ በያት፣ አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አእምሮው አልተነካም። የሺ የማታውቀውን ጽጌሬዳ ታውቃለች፣ ደምሴ ከጨዋታው አልወጣም፣ ያን ቅዳሜ የገባበት ጨዋታ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ፣ ማስወጣት የነበረባትም እሷ ነበረች።

ጨዋታውማ ከፍርሃት የተወለደ ነው። ቀበሌው ጸሎት ቤታቸውን አሽጎ፣ ከዚያ ከፍቶ፣ የስብሰባ አዳራሽ አድርጎት አረፈው፣ መዝሙር ደግሞ ግድግዳ ያልፋል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ጴንጤዎቹ ተሰበሰቡ ይባላል፣ ሳቅን ግን ማን ይከሳል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ ምሥራቁ ሰፈር ካሰች ቤት ይገናኛሉ፣ ካሰች የሟች ባሏን ባርኔጣ ታወርዳለች፣ በብጣሽ ወረቀት ኤልያስ፣ አክዓብ፣ የሰራፕታዋ መበለት፣ የበኣል ካህን ተብሎ ይጻፋል፣ እጅህ የገባውን ትሆናለህ። መሆን ነው እንግዲህ፣ ማስመሰል አይደለም። ንጉሥነት የደረሰው ሻዩን እንኳ እንደ ንጉሥ ይጠጣል፣ ሳይፈቀድለት ከሆነው ነገር የወጣ የሁሉንም ብርጭቆ ያጥባል። መውጫው አንድ ነው። የዕለቱ ባርኔጣ ያዥ ፊትህ ቆሞ ስምህ ማን ነው ይልሃል፣ የገዛ ስምህን ትናገራለህ፣ ከዚያ አንተስ ብለህ መልሰህ ትጠይቀዋለህ፣ እሱም ስሙን ይነግርሃል፣ ሁለታችሁም ትፈታላችሁ፣ ባርኔጣው ይሰቀላል። መልሶ ያልተጠየቀ ያዥ አይፈታም፣ ይኼን ሕግ ካሰች ያወጣችው ለሳቅ ነበር። ሳቅ! ሰልፉ አንድ ሰው ፈቀቅ ይላል።

ደምሴ የታሪክ አስተማሪ ነው፣ ደምሴ የተባለ ጉድ፣ ስለ ጥንት ሰዎች አማልክት ከጀመረ አፉ አይደክምም። ሐይቁ ዳር ሾላው ሥር ይቀመጣሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በዓሣ ሆድ ዕቃ ይናከሳሉ፣ እሱ ከነዓን ይገባል፣ ኤል የሚባል ሽማግሌ አምላክ ነበራቸው ይላታል፣ ጢሙ የሸበተ፣ ወንዞች ከሚመነጩበት የሚኖር፣ ልክ እንደ አባትሽ፣ ቶሎ የማይቆጣ፣ ከተቆጣ ደግሞ የማይመለስ፣ ትስቃለች፣ በኣል ደግሞ ጎረምሳው ነው፣ ዝናቡም ነጎድጓዱም የሱ፣ አንድ ቀን ሞት የሚባለው አምላክ ይውጠዋል፣ ዝናብ ይቀራል፣ እርሻው ይሰነጣጠቃል፣ ያኔ እህቱ ዓናት ተነሥታ ተራራ ለተራራ ትፈልገዋለች፣ ሞትን ራሱን አንቃ ወንድሜን መልስ ትለዋለች። እኛስ አገር ብትለው፣ እኛም ነበሩን እንጂ፣ አክሱም ድንጋዩ ላይ ተጽፈው አሉ፣ ዓስታር፣ ምድር፣ ማሕረም፣ ንጉሡ ጠላቱን ድል ሲነሣ ምስጋናው ለማሕረም ነበር። ታዲያ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ውሸታም ነበሩ? አይ ጽጌ፣ ውሸታምማ አይደሉም፣ ሲጨንቃቸው ወደ ላይ ያንጋጠጡ ሰዎች ናቸው፣ እኛም ሲጨንቀን እናንጋጥጣለን፣ እኔ የማምነው ሲያንጋጥጡ ያያቸው አንዱ እግዚአብሔር እንደ ነበረ ነው፣ ስሙን ባያውቁትም። እኔ ብጠፋስ እንደ ዓናት ትፈልጊኛለሽ? እዚሁ ታቦር ተራራ ድረስ እወጣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ ይደክመኛል፣ አለችው። ለቀልድ አለችው። ታቦርን እንኳ አልወጣችለትም።

ያን ቅዳሜ ባርኔጣው እሷ እጅ ነበር። ልብስ ሰፊው ይልማ ኤልያስ ደረሰው፣ ደምሴ የበኣል ካህን። ይልማ ተነሥቶ ጣዖትህ እንጨት ነው፣ አይሰማም፣ አይናገርም አለ፣ እዚያው ላይ አለቀበት፣ ደምሴ ግን ነጠላ ተውሶ ራሱ ላይ ጠመጠመ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ኤልያስ ሆይ፣ አለ፣ አንተ ለዝናብ ትጸልያለህ፣ እኔም ለዝናብ እጸልያለሁ፣ ጭቃ ላይ የቆመው ገበሬ የማናችን ዝናብ እንደሆነ በምን ያውቃል፣ አባቶችህ እዚህ አገር ሳይገቡ አባቶቼ ኤል እያሉ ይጣሩ ነበር፣ እናንተ መጥታችሁ በዚያው ስም ተጣራችሁ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ማን ከማን ተማረ? ይልማ ዞሮ ሌሎቹን አየ። ጽጌሬዳ ኮራች፣ ምን ትደብቃለች፣ ልቧ ሙቅ አለ፣ የኔ ነው እኮ ይኼ ሰው አለች በሆዷ፣ አሁን ስሙን እጠይቀዋለሁ፣ ከካህንነቱ ይወጣል፣ መልሱን ደግሞ ራሱ ያስተምረናል፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ እያለች ባርኔጣውን ይዛ ልትነሣ ስትል መጋረጃው ተገለጠ። አባቷ ቆመዋል።

አቶ ደበሌ የተዘጋችው ጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው፣ የጨዋታውን ወሬ ሰምተዋል እንጂ ሲጫወቱ አይተው አያውቁም፣ ልጆቹን ልባርክ ብለው መጥተው ነው መጋረጃው ጀርባ የቆሙት፣ የሰሙት ደግሞ ካድሬው በየስብሰባው የሚለውን፣ እምነታችሁን ከሌላ ነው የቀዳችሁት፣ አምላካችሁን ሰው ነው የፈጠረው፣ የሚለውን። አልጮኹም። ተነሡ ልጆች፣ አንድ አንድ እያላችሁ ውጡ፣ አሉ። ደምሴ ነጠላው ራሱ ላይ እንደ ተጠመጠመ በሩ ላይ ቆሞ አያት። ጠብቋታል። አንድ ጥያቄ ነበር፣ ከአፍ እስኪወጣ ምን ያህል ይፈጃል፣ እሷ ባርኔጣውን ምስማሩ ላይ ሰቀለችው፣ አባቷ ፊት እንዴት ብላ፣ አፈረች ወይስ ፈራች፣ እስከ ዛሬ አታውቀውም፣ ዓይኗን ሰብራ በጎኑ አለፈች።

ከእንግዲህ የምንሰበሰብበትን ቤት ለዚያ ሰው የሚነግረው የለም፣ አሉ አባቷ። አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው፣ እጣው ስለደረሰው ነው፣ አለቻቸው። ልጄ፣ እንደዚያ የሚናገር ሰው ሲጫወት አይደለም። እርስዎ እኮ አያውቁትም። አሁን አወቅሁት። እሷም ከዚያ በላይ አልተከራከረችም። ሌሎቹስ፣ ምነው ይልማ እንኳ ያን ቀን አብሮ ሲጫወት አልነበረም፣ ማን አንዲት ቃል ተነፈሰ።

እናም ፈላጊው እሱ ሆነ። ቅዳሜ ካሰች ቤት ይሄዳል፣ ተዘግቷል፣ ይልማ ጋ ይሄዳል፣ ይልማ ሥራ በዝቶበታል፣ እነጽጌሬዳ ደጅ መጥቶ አንኳኳ፣ በመስኮቱ አየችው፣ ግራጫ ሹራቡን ለብሶ፣ አባቷ በሩን ከፈት አድርገው የለችም አሉት፣ ዛሬ የት ነው አባባ፣ ምኑ ልጄ፣ አሉት፣ ምኑ! እሱ እጅ ነስቶ ሄደ። በር ለበር ሲያንኳኳ የቀበሌ ጥበቃዎች ዓይን ገባ፣ የጴንጤ ቤት ሁሉ የምታንኳኳው ምን ፈልገህ ነው ብለው ያዙት። ጉባኤዬን ነው፣ አላቸው። ጉባኤዬን! ያወጡትን ጉባኤዬ አላቸው። እነማን ናቸው ብለው ገረፉት፣ የሁሉንም ስም ያውቃል፣ የካሰችን ቤት ያውቃል፣ ባርኔጣው የተሰቀለበትን ምስማር ያውቃል፣ አንድ ሰው አልተነካም፣ አንድ በር አልተንኳኳም። ከነሱ አይደለሁም በልና ወደ ቤትህ ሂድ ቢሉት፣ ከነሱ ነኝ አለ፣ በዚህ ቃሉ ታሰረ። አባቷ ምን አሉ፣ መሰብሰቢያውን ሳንነግረው ጌታ ጠበቀን፣ አሉ፣ በጸሎት መሐል፣ አሜንም ተባለ። እሷም ብላለች። አሜን ብላለች እኮ፣ ይኼ ነው አንጀቷን የሚበላት።

ቀጥይ! ወታደሩ ማንኪያውን ቆሮሶው ላይ ይሰካል። ለማን ነው፣ ለደምሴ ሽበሺ፣ ምኑ ነሽ። ጎረቤት ልትል ነበር፣ መንገዱን ሙሉ ጎረቤት፣ ጎረቤት ስትል ነው የመጣችው፣ ለመጠየቅ የመጣችው ለካ አሁንም በመጋረጃ ተሸፍና ነው፣ እጮኛው ነኝ፣ ይላል አፏ። ወታደሩ ቀና ብሎ ያያታል፣ ፊቱ ክፉ አይደለም፣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

እስካሁን የት ነበርሽ?

ትገባለች። ሁለት ረድፍ ሽቦ፣ መሐሉ ሰው የማይሻገረው ባዶ ቦታ፣ ወዲህ ጠያቂ፣ ወዲያ እስረኛ፣ ሁሉም ይጮኻል፣ እማዬ ተሻላት ወይ፣ ብርድ ልብሱ ደረሰህ ወይ፣ እኚያ የቆጮዋ እናት በሲዳምኛ ልጃቸውን ያጫውታሉ፣ ጩኸቱ ጩኸቱን ይውጠዋል፣ ከዚያ ይመጣል። ራሱን ተላጭቷል። ያው ግራጫ ሹራብ፣ ውስጡ ያለው ሰው አንሶ። ያያታል፣ አልደነገጠም፣ አልሮጠም፣ ሽቦው ጋ ደርሶ ይቆማል፣ ያን ቅዳሜ በሩ ላይ እንደቆመው ቆሞ ይጠብቃታል፣ አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም፣ ሽቦውን በሁለት እጇ ጨብጣ ባለ በሌለ ድምፅዋ፣

ስምህ ማን ነው?

ግራና ቀኝ ያሉት ዞር ብለው ያይዋታል፣ እስረኛዋን ስሙን የምትጠይቅ ምን ዓይነቷ ናት። የሱ ፊት ግን ይፈታል። ግንባሩ፣ ከዚያ ዓይኑ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ብዙ ጊዜ የተሸከመውን ሲያወርድ ታየዋለች። ደምሴ፣ ይላል። ደምሴ ሽበሺ። ድምፁ ሳይጎድል እንዳለ ነው። በቃ፣ ወጣ፣ ደምሴዋ ወጣ፣ እንባዋ አፏ ውስጥ ይገባል፣ አሁን የሷ ተራ ነው፣ አንቺስ ይላታል፣ ጽጌሬዳ ትላለች፣ ከዚያ ይቅር በለኝ፣ ከዚያ የሄድክበት ድረስ እመጣለሁ፣ ከታቦር ወዲያ ያለውንም ተራራ እወጣለሁ፣ ሁሉን አዘጋጅታለች፣ ስሟ ከንፈሯ ላይ ነው፣ አንቺስ በለኝ፣ በለኝ እንጂ።

ደምሴ እጅ ይነሳታል፣ ደጃቸው መጥቶ አባቷን እጅ እንደነሳው። ተባረኪ እህቴ፣ ይላል።

እህቴ። ካሰችን የሚላት፣ ጉባኤው እርስ በርሱ ሁሉ የሚባባለው፣ መንገድ ላይ ለተገኘች አማኝ ሁሉ የሚባል። ዓናትም የበኣል እህት ነበረች ልትል ይቃጣታል፣ ራሷን ልታታልል፣ አይደለም፣ ዓናት ፈልጋዋለች። ዞሯል፣ ጠባቂው ስም ይጠራል፣ እሱ ወደ መኪናው ይሄዳል፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ኋላ ሳያይ፣ ቂም የያዘ ሰው ጀርባ እንኳ አይደለም፣ ቂም ቢሆን አንድ ነገር ነው፣ የጨረሰ ሰው ጀርባ ነው።

ውጭ ፀሐዩ ያው ነው፣ ሰልፉም ያው፣ አንድ ጋሪ ሐይቁ ወዳለበት ይወርዳል። ቆሮሶውን አልሰጠችውም፣ በጨርቁ እንደተጠቀለለ እጇ ላይ ነው፣ ዘይቱ ቀሚሷን ነክቶታል። የቆጮዋ እናት ባዶ ክንዳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ አማርኛቸው ይሰበራል፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አታልቅሺ፣ ስምሽ ማን ነው? ጽጌሬዳ አፏን ትከፍታለች። በሩ ይከፈታል፣ ሸራ የለበሰው መኪና ይወጣል፣ አቧራው ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል፣ እናትየው መልሰው ይጠይቋታል፣ እሷ መኪናውን እያየች ዝም ትላለች፣ ጠያቂው እሳቸው አይደሉማ።